የያኮብ ጥቁር ኮት

የተመሰገነ ሰው ፎቶግራፍ መንገድ ዳር ሲሰቀል፣ ከሚያልፈው ሕዝብ መሃል እግሩን ተክሎ የሚያየው ማን ነው? ምን ፈልጎስ ነው የሚያየው? ሰሞኑን ይህን ጥያቄ ይዤው ተኝቼ ይዤው እነሣለሁ። ልጆቼ "አንቺ ደግሞ ጭንቀት ሲያልቅብሽ ከጎረቤት ትበደሪያለሽ" ይሉኛል። ይበሉ።

ነገሩን ያመጣችው የልጄ ልጅ አይጃን ናት። የምትሠራው የከተማው የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ልጅ ተደበደበ፣ ልጅ ተጣለ፣ ልጅ ከሰካራም ጋር ብቻውን ቀረ በተባለበት ቤት ሁሉ እየሄደች ታያለች፤ ሲብስም አቅፋ ይዛ ትወጣለች። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣

"አያቴ! የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ተባልኩልሽ!" አለችኝ።

"እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ" አልኳት።

"ፎቶዬ በትልቁ ታትሞ መግቢያው አዳራሽ ላይ ይሰቀላል። በየስልኩም ይለቀቃል። ይኸው፣ እዪው።"

መነጽሬን ፈልጌ አየሁት። አይጃን ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ጭኗ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ የልጅቱ ፊት ግን ጉም እንደ ወረደበት ሜዳ ጠፍቷል።

"ይህቺ ማናት?"

"ስሟ አይነገርም። ባለፈው ክረምት ከአባቷ ቤት ያወጣኋት ናት። አየሽ፣ ፊቷን ሸፍነነዋል። ሕጉ ነው።"

"ያንቺስ ፊት?"

"የኔ ፊት ምን ሆነ?"

"አልተሸፈነም። አባትየው ያንቺን ፊት ካወቀ፣ አንቺን ተከትሎ እሷ ዘንድ አይደርስም?"

አይጃን ሳቀችብኝ። "አያቴ ደግሞ፣ ከመሬት ተነሥቶ መፍራት ልማድሽ ነው!"

ከመሬት አልተነሣሁም። የተነሣሁት ከአንድ ጥቁር ኮት ነው።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እዚሁ ከሐይቁ ዳር፣ አሁን ገበያ በሆነው ሰፈር ነው። አባቴ ኤሴን የጭነት መኪና ነጂ ስለነበር በረዶው ሲቀልጥ ሱፍ ጭኖ በተራራው መንገድ ይሄዳል፤ የምናየው በመኸር ነው። ቤት ውስጥ እኔ፣ እናቴ ቡሩልቻና የአባቴ እናት ነበርን። ከእኛ በኋላ የመጣ ቶክቶ የሚባል ሕፃንም ነበረ።

እናቴ የምትሠራው በሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ወላጅ የሌላቸው፣ ወይም ወላጅ እያላቸው የተተዉ ሕፃናት ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው እዚያ ያድጋሉ። ማታ ስትመጣ እጇን ይዤ አሸትተው ነበር። በረኪናና ያረረ ወተት ይሸታል። ለእኔ የእናት ሽታ ማለት ያ ነው፤ ዛሬም ሆስፒታል ስገባ የሚመጣብኝ እንባ ሰው እንደሚመስለው የሕመም አይደለም።

ገና አምስት ዓመቴ ሳለ፣ በአንድ ክረምት ማሳደጊያው ውስጥ ኩፍኝ ገባ። አንድ ቀን እናቴ ከካፖርቷ ሥር አንድ ነገር ይዛ መጣች፤ ገልጣ ስታሳየን ሕፃን ነው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ግንባሩ ላይ፣ ከጥቁሩ ፀጉር መሃል፣ በጣት ስፋት የምትሆን ነጭ ፀጉር አለችው፤ በረዶ ያረፈባት ትመስላለች።

"እዚያ ከቆየ አያድርም" አለች እናቴ። "ዳይሬክተሯን ለምኜ ነው ያመጣሁት።"

"የእኛ ነው?" አልኳት።

"ለጊዜው።"

"ለጊዜው" የሚባለውን ቃል ልጅ አይሰማውም። እኔ የሰማሁት "የእኛ ነው" የሚለውን ብቻ ነበር።

አያቴ በሩን ዘጋች። ሕፃኑን ተቀብላ በቀሚሷ አንገት በኩል አስገባችው፤ በሆዷ ላይ ወደ ታች አንሸራትታ በጫፉ በኩል አወጣችው። "ይኸው፣ ወለድኩህ" አለችው። "ስምህም ቶክቶ ነው። ቶክቶ፣ 'ቆይ' ብዬሃለሁ፤ ትቆያለህ።" የጉጉት ላባ የተሰፋበት ቆብም ሰፍታ ነጩን ፀጉር ሸፈነችበት። እንዲህ ያለ ምልክት ያለው ልጅ ዓይን ቶሎ ያገኘዋል፤ ቆቡ ቤት ውስጥም ቢሆን አይወልቅም አለች። እናቴ ሳቀች፤ ግን አላወለቀችውም።

ቶክቶ ቆየ። ዳነ፣ ወፈረ፣ ዳኸ፣ ቆመ። እግሬን ይነክሰኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላው መናገር ብቻ እምቢ አለ። የጎረቤት ሴቶች "ዲዳ ይሆን?" ሲሉ አያቴ ትቆጣለች፦

"ዲዳ አይደለም! ቃል እየመረጠ ነው። እንደናንተ ያገኘውን ሁሉ አይዘባርቅም!"

እኔም ማታ ማታ ስሜን እንዲጠራ ጉንጩን ይዤ "ዙራ በል፣ ዙ-ራ" እለዋለሁ። አፌን በጣቱ ይነካል፤ ይስቃል፤ አይልም።

በዚያው የፀደይ ወራት የማሳደጊያው ዳይሬክተር ራይሳ ፔትሮቭና ቤታችን መጣች። ትልቅ ሴት ናት፤ ስትቀመጥ ወንበራችን ይጮኻል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አዳመጥኩ።

"ከአውራጃው ተጠየቅን" አለች። "ለሠራተኞች በዓል ከሕፃናት ሥራ አንድ የላቀ ሰው ስጡን አሉ። ያንቺን ስም ሰጠሁ። ፎቶሽ መናፈሻው በር ላይ፣ የክብር ሰሌዳው ላይ ይወጣል።"

"ኧረ ባክዎን፣ ራይሳ ፔትሮቭና፣ ሌላ ሰው ይሁን" አለች እናቴ።

"ማን ይሁን? አምና ኡልካን ነበረች፤ እሷም ሞተችብን። ዘንድሮ አንቺ ነሽ።"

ከኋላው ሆኜ መጋረጃውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ።

ኡልካን ኤጄ (ታላቅ የሆነችን ሴት በአክብሮት "ኤጄ" እንላለን) የማሳደጊያው ምግብ አብሳይ ነበረች። ወደ እናቴ ሥራ ቦታ በሄድኩ ቁጥር ከድስቱ ሥር የተያዘውን ገንፎ ፍቃ ትሰጠኝ ነበር። አምና ፎቶዋ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ጥቁር ኮት ለብሳለች፤ ሁለተኛው አዝራር ከሌሎቹ ይተልቃል። በክረምቱ ልቧ ቀጥ አለ። ከዚያ የጾሙ ፍቺ በዓል ሲደርስ ከአያቴ ጋር መቃብር ሄድን። ኡልካን ኤጄ መቃብሯ ድንጋይ ላይ፣ ፎቶ በሚታተምበት የእንቁላል ቅርጽ ሸክላ ውስጥ ሆና ታየኛለች። ያው ፎቶ ነው። ያው ኮት፣ ያው ትልቅ አዝራር። ዞር ስል አያቴ የምትጸልይበት የወንድ አያቴ ድንጋይ ላይም ያው ኮት አለ። ከአጠገቡ ያለች የማላውቃት ሴትም ለብሳዋለች። ወዲያ ማዶ ያለው ፂማም ሽማግሌም ለብሶታል። ሞተው ያለቁት ሁሉ አንድ ኮት ለብሰው ያዩኛል። እኔም በዚያ ቀን ነገሩ የገባኝ መሰለኝ፦ ያንን ኮት የለበሰ ሰው ሰሌዳው ላይ ይወጣል፤ ከሰሌዳው ሲወርድ ደግሞ መቃብር ይገባል።

አሁን ሳስበው ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር። ከተማው ውስጥ ፎቶ አንሺ አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ ያኮብ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከሩቅ ተጭነው ከመጡት ጀርመኖች አንዱ። ሰው ከበረትና ከወጥ ቤት በሥራ ልብሱ ስለሚመጣበት፣ ለክብር ፎቶ የሚሆን አንድ ጥቁር ኮት ከመጋረጃው ኋላ ሚስማር ላይ ሰቅሎ ነበር። ለወንዱም ለሴቱም ያለብሰዋል። ብዙው ሰው በዕድሜው ደህና ፎቶ የሚነሣው ያኔ ብቻ ነው። ሲሞት ቤተሰቡ ለድንጋዩ የሚሆን ሌላ ፎቶ ስለማያገኝ ያንኑ ይዞ ወደ ያኮብ ይመለሳል። ኮቱ ማንንም አልገደለም። ግን ይህን ለአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ማን ያስረዳታል? እኔም አልጠየቅሁ። የሞትን ነገር ስሙን ከጠሩት ይመጣል ብዬ ነበር።

ፎቶ የምንነሣበት ቀን ሁላችንም ሄድን። እናቴ ያዳነችው ሕፃን ጭኗ ላይ ይሁን ብላ ራይሳ ፔትሮቭና ስላዘዘች ቶክቶንም ወሰድነው። የያኮብ ቤት የኮምጣጤ ዓይነት ሽታ አለው፤ መስኮቱ ሁሉ ተሸፍኗል። ያኮብ ቀጭን ነው፤ ሲናገር ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

"ኮቱን እንልበስ" አለ፤ ከሚስማሩ ላይ አወረደው።

ትልቁን አዝራር አየሁት።

"አፓ፣ አትልበሺው!" አልኳት እናቴን፤ አፓ የምላት እሷን ነው።

እናቴ እጇን እጅጌው ውስጥ ከተተች። ኮቱ ትከሻዋ ላይ ሰፍቶ ተንጠለጠለ። ፊቷ በአንዴ የሌላ ሰው ፊት መሰለኝ፤ የድንጋይ ፊት።

"አፓ አውልቂው! አውልቂው!" እጅጌዋን ይዤ ጎተትኩ።

"ቀንታ ነው" አለ ያኮብ። "ነይ፣ ነይ፣ አንቺም ልበሺውና አነሣሻለሁ።"

ኮቱን ገልጦ ወደ እኔ ሲዘረጋው ጮኼ ከአያቴ ቀሚስ ኋላ ገባሁ። ሳቁብኝ። እናቴም ሳቀች።

ከዚያ ያኮብ መሣሪያው ውስጥ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"የልጁን ቆብ አውልቁለት። ላባው ፊቱን ጋርዶታል።"

"አይወልቅም" አለች አያቴ።

"እናቴ፣ እኔ ቆብ አይደለም የማነሣው፣ ሰው ነው።"

"ዓይን ቢበላውስ? አንተ ሌላ ልጅ ትሰጠኛለህ?"

"የኔ ዓይን መስታወት ነው እኮ! መስታወት ሰው አይበላም።"

"መስታወቱን ማን አለ? ከመስታወቱ ወዲያ የሚቆመውን ነው የምፈራው!"

አያቴ የገባችኝ ዛሬ ነው። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ነበረች፤ የምትፈራው ግን የሚፈራውን ነበር። እኔ ግን ያኔ ጆሮም አልሰጠኋት። ቶክቶ የለበሰው የራሱን ነጭ ሸሚዝ ነው፤ ኮት አልለበሰም። ስለዚህ እሱን ምንም አያገኘውም ብዬ ስለ እሱ አንድ ጊዜ እንኳ አልሠጋሁም።

"ይሁን ግድየለሽም፣ ለአፍታ ነው" ብላ እናቴ ቆቡን አወለቀችለት። ነጯ ፀጉር ብርሃኑ ውስጥ ብልጭ አለች። ያኮብ ከጨርቁ ሥር ገባ።

የበዓሉ ዋዜማ አያቴ ሊጥ በትንንሹ ቆርጣ በዘይት ትጠብስ ጀመር። በቤታችን ሐሙስ ሐሙስ እንዲህ የሚደረገው ለሙታን ነው፤ የዘይቱ ሽታ ሲደርሳቸው እንዳልረሳናቸው ያውቃሉ ትል ነበር። ያን ቀን ግን ሐሙስ አልነበረም።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"ለእናትሽ ነዋ!" አለችኝ፣ ዱቄት በነካ እጇ ጉንጬን ቆንጥጣ።

ለደስታም፣ ለእንግዳም ያው ቦርሶክ የምንለው ሊጥ እንደሚጠበስ አውቅ ነበር፤ ሠርግ ላይ ስንቱን በልቻለሁ። ፍርሃት ግን የሚያውቁትን ሁሉ ያስረሳል። ጎረቤቶች መጡ፤ ክፍሉ በሳቅና በዘይት ሽታ ሞላ።

"ቡሩልቻ ኤጄ፣ ከእንግዲህ በመናፈሻው ስናልፍ ለፎቶሽ ሰላምታ ልንሰጥ ነው?"

"ኤሴን በመኸር ሲመጣ የት ነው የሚያድረው? ከቤት ወይስ ከሰሌዳው ሥር?"

"ከሰሌዳው ሥር ይሻለዋል፤ እዚያ አትቆጣውም!"

እናቴ እንደ ልጃገረድ አፏን በሻሽዋ ጫፍ ሸፍና ትስቅ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። የሚሞት ሰው ለምን ይስቃል? ብዬ አሰብኩ። አላወቀችም ማለት ነው። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እናቴን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። ስትተኛ የቀሚሷን ጫፍ ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ነበር የምተኛው። ስታስል ከእንቅልፌ እነቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ከአልጋዬ ሥር እደብቃለሁ፤ እየተሳደበች ትፈልገዋለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ እግሬ ወደ መናፈሻው ይወስደኛል። ሰሌዳው በቀይ ጨርቅ የተለበጠ ነው፤ መስታወቱ ከፀሐዩ የተነሣ ያጥበረብራል። እናቴ ከላይ ከቀኝ በኩል ናት። ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ቶክቶን ታቅፋ ታየኛለች። ከሥሯ ስሟና የሥራ ቦታዋ፣ ሊሞት የደረሰ ሕፃን ቤቷ ወስዳ እንዳዳነችም ተጽፏል።

አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት አንዲት ሴት ቆማ አገኘሁ። ወጣት ናት፤ አረንጓዴ ሻሽ አሥራለች፤ ጫማዋ የተራራ መንገድ አቧራ ጠጥቷል። ሰው ሁሉ እያወራ ያልፋል፤ እሷ አትነቃነቅም። በማግሥቱም መጣሁ፤ አለች። እጇን አንሥታ መስታወቱን ነካች፤ እናቴ ያለችበትን።

"አንቺ ልጅ" አለችኝ ሳትዞር፤ መስታወቱ ውስጥ አይታኝ ኖሯል። "ይህቺን ሴት ታውቂያታለሽ?"

"አላውቃትም።"

"ቤቷንስ?"

"አላውቅም አልኩሽ እኮ!"

ሮጥኩ። በቀጥታው መንገድ ብሄድ ትከተለኛለች ብዬ በሕዝብ መታጠቢያው ኋላ፣ በጭቃው ዞሬ ነው ቤት የገባሁት። አያቴ በክረምት ከምትነግረን ተረቶች በአንዱ ሞት ሰው መስሎ ይመጣል፤ እንደ ጨዋ እንግዳ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ የቀረበለትን ዳቦ ግን አይቀምስም። በዚያ ነው የሚታወቀው። እኔም ሳያት አወቅኋት። እናቴን ልትወስድ የተላከችው እሷ ናት።

ሴትየዋ ማን እንደ ነበረች የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እኔ ራሴ ወልጄ ከተነሣሁ በኋላ። ስሟ ሻይር ይባላል። ከተራራው መንደር መጥታ የመምህራን ትምህርት ቤት የምትማር፣ ሳታገባ የወለደች ልጅ ነበረች። ለቤተሰቧ መናገር ስለፈራች፣ ተምሬ ስጨርስ እወስደዋለሁ ብላ ሕፃኑን ለማሳደጊያው ሰጠች። ያን ጊዜ እንዲህ ማድረግ ይፈቀድ ነበር። ኩፍኙ ሲገባ ልትጠይቅ መጥታ፣ በር ላይ የነበረ ሰው "ተስፋ የለውም፣ ሂጂ፣ አታልቅሺ" ብሎ መለሳት። ሞተ ብላ ሄደች። ለዚያ ለሠራተኞች በዓል ከተማሪዎቹ ጋር በሰልፍ ስታልፍ፣ ሰሌዳው ላይ ነጭ ፀጉር ያለው ልጅ አየች።

እናቴ ባትመሰገን ኖሮ አታየውም ነበር። እናቴ ቆቡን ባታወልቅለት ኖሮ አታውቀውም ነበር። እናቴ ይህን ስትነግረኝ "ጥሩ አየች። ልጇ ነው" አለች። ከዚያ ተነሥታ የታጠበ ሰሃን እንደገና አጠበች።

የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ራይሳ ፔትሮቭና ገባች። ከኋላዋ አረንጓዴው ሻሽ። ሴትየዋ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ ጎን ለጎን አድርጋ በጥንቃቄ አስቀመጠችው።

እናቴ ጭን ላይ ወጣሁ። ሰባት ዓመቴ ነው፤ እግሬ መሬት ይነካል፤ ቢሆንም ወጣሁ።

አያቴ ሻይና ዳቦ አቀረበች። "ቅመሺ ልጄ" አለቻት። ሴትየዋ ዳቦውን አየችው፤ አልነካችውም። እናቴን አንገቷን ይዤ አነቅኋት።

"አፓሽን ልትገድያት ነው እንዴ? ልቀቂኝ" አለች እናቴ። ድምፁ ግን የእሷ አልነበረም።

ቶክቶ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጫወትባቸውን የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንቶች ይደረድራል። ሴትየዋ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም፤ እኔ ግን ይህን ያየሁት አሁን ነው፣ ስጽፈው። ያኔ የማየው እጆቿን ብቻ ነበር።

"ሕጉ ከእሷ ጋር ነው፣ ቡሩልቻ" አለች ራይሳ ፔትሮቭና። "እናንተ የማደጎውን ጉዳይ አልጨረሳችሁም።"

"ባሌ ከመንገድ ሲመለስ አብረን ልንፈርም..."

"አውቃለሁ። አውቃለሁ እኮ።"

"የምን መፈረም?" አለች አያቴ። "በአንገቴ አስገብቼ በጫፌ አውጥቼዋለሁ! እኔ ነኝ የወለድኩት! ንገሪያት እንጂ!"

"ሞተ አሉኝ" አለች ሴትየዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ድምፅዋ የልጅ ነበር። "ሞተ አሉኝ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ቀበርኩት። አሁን... ለእናቴም ነገርኳት። ይዘሽው ነይ አለችኝ። ልወስድ ነው የመጣሁት።"

ልወስድ ነው የመጣሁት።

"አትወስጂያትም!" ብዬ ጮኽኩ። "አትወስጂያትም! ኮቱ የእሷ አይደለም፣ የያኮብ ነው! ተበድራው ነው! ሂጂ!"

ሴትየዋ ተነሥታ መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። ከቅርብ ስትታይ አፍንጫዋ ላይ ጠቃጠቆ አላት።

"እናትሽን? እናትሽን ማን ይወስዳታል?" አለችኝ። "እኔ እሱን ነው።"

"እሱን ብቻ?"

"እሱን ብቻ።"

"አፓ ትቀራለች?"

"ትቀራለች።"

ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ደስታ አላገኘኝም፤ ሳገባም አላገኘኝም፣ ስወልድም አላገኘኝም። ከደረቴ ላይ ፈረስ የተነሣ መሰለኝ። ሳቅሁ። ከእናቴ ጭን ላይ ዘለልኩ፤ የቶክቶን ቦት ጫማዎች ከምድጃው አጠገብ አመጣሁ፤ መሬት ተቀምጬ ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ አጠለቅሁለት። ቶክቶም ስስቅ አይቶ ሳቀ። ካፖርቱን አለበስኩት። ቆቡን ፈልጌ አደረግሁለት፤ ነጯን ፀጉርም አያቴ እንዳስተማረችኝ በጣቴ ወደ ውስጥ ሸጎጥኩለት። ማንም አላገዘኝም፤ ማንም አላስቆመኝም። ቀና ስል እናቴ ታየኛለች። ልጄ ጎበዝ ናት የምትለኝ መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ትናንት ለአይጃን ነገርኳት። የእናቴ ፎቶ እስከሚቀጥለው በዓል ድረስ ከሰሌዳው እንዳልወረደ ነገርኳት፤ አውርዱልኝ ብላ ለምና "ክብር አይመለስም" እንዳሏት፤ ከዚያም ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳውን ላለማየት በሕዝብ መታጠቢያው ኋላ፣ በጭቃው እየዞረች ሥራ ትሄድ እንደነበር። እዚያው ማሳደጊያ ጡረታ እስክትወጣ ሠርታለች፤ ሕፃን ግን ዳግመኛ ወደ ቤት አላመጣችም። ያ ያስፈራኝ ሞትም መጣ፤ የመጣው ግን እሷ አርጅታ፣ እኔም ሸብቼ ሳለ ነው። ለድንጋዩ ፎቶ ስንፈልግ ከያኮብ ፎቶ በቀር አላገኘንም። ጥቁሩን ኮት ለብሳ፣ ትልቁን አዝራር ቆልፋ መቃብሯ ላይ አለች። ልጁን ቆርጠው አውጥተውታል፤ ከታች በኩል፣ ከሸክላው ጠርዝ ላይ ግን አንዲት ነጭ ነገር ቀርታለች። የማያውቅ ሰው የኅትመት ጉድለት ይላታል።

አይጃን አልሳቀችም። ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ከዚያስ?" አለችኝ።

ከዚያማ ሴትየዋ "አዛማት" ብላ ጠራችው፤ እሷ ያወጣችለት ስም ነው። ዞር አላለም። እኔ "ቶክቶ" አልኩት፤ ዞረ። ያኔ "ሂድ፣ ከእሷ ጋር ሂድ" አልኩት። ሴትየዋ ጣቷን ዘረጋችለት፤ ያዘው። እሱ ማንም ጣት ቢሰጠው የሚይዝ ልጅ ነበር።

አያቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴ ከተቀመጠችበት ወርዳ ምንጣፉ ላይ በጉልበቷ ቆመች።

"ቶክቶ" አለችው። "አፓ በል። አንድ ጊዜ ብቻ። አ-ፓ።"

ሁላችንም ጠበቅን። ሴትየዋም ቆማ ጠበቀች፤ እሷም እንዲል የፈለገች ይመስለኛል። ቶክቶ እናቴን አያት። አፉን ከፈተ። ከቆቡ የወረደች አንዲት የጉጉት ላባ አፍንጫው ላይ አረፈችና እሷን ሊነፋት ሞከረ። ከዚያ የሴትየዋን ጣት እንደ ያዘ ዞረ፤ አያቴ እንዳስለመደችው ደፉን ላለመርገጥ ቦት ጫማውን ከፍ፣ ከፍ አድርጎ አነሣና ተሻገረ፤ አንዲት ቃል ሳይወጣው ሄደ።